የውዳሴ ድምፅ ያለበት ማሽን

የካቲት 3፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት ዋልኩ። የሒሳብ ፈተና ተመለሰልን… ደህና ነው። ጓደኛዬ ብሩኬ እስከ ጦር ኃይሎች ፌርማታ አብሮኝ መጣ። ድሮ መንገዱን ሙሉ ይለፈልፍ ነበር፤ ዛሬ ዝም።

«ባክህ የሆነ ነገር አውራ» አልኩት።

«ምን ላውራ?»

እውነቱን ነው። እንደ እኔ እህቱን ለቀበረ ሰው ምን ይወራል?

ቤት ስገባ የእህቴ የውዳሴ ሰርቨር እንደ ወትሮው ይጮኻል። መርካቶ አሮጌ ገዝታ ያመጣችው ነው። «ይሄ አውሮፕላን መቼ ነው የሚያርፈው?» እላት ነበር። «አንተ የቤት ሥራህን ስትጨርስ» ትለኝ ነበር። እማዬ ከሱቅ መጣች፤ በእኔና በውዳሴ ክፍል በር አለፈች፤ አልገባችም። ከአደጋው ቀን ጀምሮ አንዴም አልገባችም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ላፕቶፗን ከፈትኩት። ሰርቨሩ አንድ የብረት ሳጥን ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ኮምፒውተሮች አሉ፣ በሶፍትዌር ብቻ የተሠሩ። ቨርቹዋል ማሽን ትላቸዋለች። በመሥሪያ ቤቷም ሥራዋ እነሱን ማስተዳደር ነበር። ቤት የምትለማመደው የሙያ ሰርተፊኬቱን ፈተና ለማለፍ ነው።

አንደኛው ማሽን የግሏ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለሚፈሩ ጓደኞቿ በአማርኛ ትምህርት ትቀዳበት ነበር። ሁሉም ነገር እንደተወችው ነው። የጀመረችው ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል…

ዓለም ባንክ መንገድ ላይ የገጫት መኪና ስልኳንም ጨፍልቆታል። ፎቶ እማዬ ጋ አለ። ድምፅ ግን የትም የለም። እዚህ ብቻ።

አንዱን ቅጂ ከፈትኩ። «እሺ ጓዶች፣ ድምፄ ይሰማል?»

ዘጋሁት። አልቻልኩም።

ከመውጣቴ በፊት ስናፕሾት አነሳሁ። ማሽኑን ልክ ባለበት ሁኔታ የሚይዝ ነገር ነው፤ ቢበላሽ ወደዚያች ደቂቃ ይመልሰዋል። እሷው ናት ያሳየችኝ። አሁን ምንም ቢመጣ ድምጿ አይጠፋም። ትንሽ ተነፈስኩ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

መህዲ ደወለ። የውዳሴ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ለፈተናውም አብረው ነበር የሚያጠኑት።

«ጩጬ፣ ሰርቨሩ እየሠራ ነው?»

«እየሠራ ነው።»

«ባትሪውን እያየህ። መብራት ሲሄድ እንዳይዘጋባችሁ። የሶፍትዌሩ ፈቃድ የሙከራ ነው፣ ጊዜው አልፏል። የተነሳው ማሽን መሥራቱን ይቀጥላል፤ አንዴ ከቆመ ግን አያስነሳውም።»

«ለምን ፈቃድ አልገዛችም?»

«ለቤት ልምምድ? ዋጋውን ብነግርህ ወንበር ትፈልጋለህ። ጊዜው ሲያልቅ አፍርሳ እንደ አዲስ ትጭነው ነበር። ሁላችንም እንደዛው ነን… ጊዜ ሳገኝ እመጣለሁ።»

የካቲት 12፣ ረቡዕ

በዓል ነው፣ ትምህርት የለም። ለእማዬ ነገርኳት።

«የውዳሴ ድምፅ አለ። ማሽኑ ውስጥ።»

ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እጇ ቆመ።

«ምን ትላለች?»

«ታስተምራለች። ስለ ሥራዋ።»

«እኔን ትጠራኛለች?»

«አላውቅም። ሁሉንም አልሰማሁትም።»

«ለአርባዋ አሰማኝ። ከዚያ በፊት አቅም የለኝም።»

እሺ አልኳት። ስትሄድ ፊቷ ሌላ ሆነ። የሚጠብቀው ነገር ያገኘ ሰው ፊት…

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

በላፕቶፗ ኢሜይል መጣ። ዛሬ የፈተናዋ ቀን ነበር። «ሳይቀርቡ ቀርተዋል» ይላል።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ከትምህርት ቤት ስመጣ ማሽኑ ደርቋል። ዲስኩ ሞልቷል ይላል። ለመህዲ ደወልኩ። ታክሲ ውስጥ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ረዳቱ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» ይላል።

«ስናፕሾት አንስተህ ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«እሱ ነዋ! ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ እያጠራቀመ ያብጣል። በቃ አጥፋው።»

«ላጥፋው? ምንም አይሆንም?»

«ምንም አይሆንም። ያለው እንዳለ ይቀመጣል። አትፍራ፣ አጥፋው።»

ማሽኑን አጠፋሁት።

ስናፕሾቱን ነበር ያለኝ። እኔ ማሽኑን አጠፋሁት።

ለእኔ ብሎ ነው በአማርኛ የተናገረው። ውዳሴ ብትሆን «ዲሊት አድርጊው» ነበር የሚላት። እኔን ልጅ ነው ብሎ ቃሉን አቀለለልኝ። አጥፋው… መብራትም ይጠፋል፣ ፋይልም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል። አንድ ቃል። ለምን «ከቆመ አይነሳም ብለህ ነበር» አላልኩትም? እሱ ያውቃል ብዬ። የሚያውቅ ሰው ሲያዝህ አትጠይቅም።

ለማስነሳት ሞከርኩ። የሙከራ ፈቃዱ ጊዜ አልፏል አለኝ። በቀይ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

እማዬ ቁርስ ላይ «ያ ነገር ደህና ነው?» አለች። «ደህና ነው» አልኳት።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

መህዲ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ እማዬን አቅፎ ሳመ። «እናቴ፣ እንዴት ከረሙ?» አላት። የመጣው ለጥየቃ ብቻ መስሏታል።

በሩን ዘግተን ተቀመጥን። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

«ፋይሎቹ እኮ አሉ» አለኝ። «ከሥር ያለውን ሶፍትዌር ነው የምቀይረው። ነፃ የሆነ አለ፣ ፈቃድ የማይጠይቅ። ማሽኑን እሱ ላይ እናነሳዋለን።»

እስከ ምሳ ለፋ። ተነሳ! ሁለታችንም ጮህን። መህዲ ጭንቅላቴን በጥፊ አለኝ፣ «በል ጩጬ፣ ኢንጂነር ሆንክ!»

ከዚያ ጥቁር ስክሪን መጣ። የዲስኩን የይለፍ ቃል ያስገቡ።

መህዲ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ቆልፋዋለች…» አለ። ሲሠራ የቆየው አንዴ ስለተከፈተ ነው። ሲጠፋ ተቆለፈ። የልደቷን ሞከርን፣ የእማዬን ስም፣ የእኔን ስም፣ የሰፈሩን። «‹እንዳይገምቱት አድርጋችሁ ምረጡ› ትለን የነበረች እሷ ናት» አለኝ መህዲ። እንዳለችው አድርጋለች።

ሲሄድ ደረጃው ላይ ቆመ። «‹ስናፕሾቱን› ማለት ነበረብኝ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

እማዬ ለጎረቤታችን ለእትዬ ወለተጻድቅ «ልጄ ድምጿን ሊያሰማኝ ነው» ስትላት ሰማሁ። ባኞ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩት።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ነገርኳት። ሱቁ ሄጄ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ። ቤት ውስጥ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ድምጿ የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

መጀመሪያ አልገባትም። እንደገና ነገርኳት፤ ስለ ቃሉ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ መህዲ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ካለፈው ሳምንት።»

አንድ ሴትዮ ሳፋ ልትገዛ መጣች። እማዬ ሸጠችላት፣ መልስ ሰጠቻት፣ መረቀቻት። ሴትዮዋ ስትሄድ ወደ ጓዳው ገባች። ሲያለቅሱ ድምፅ የማያወጡ ሰዎች አሉ። ትከሻዋን አየሁት።

ስትመለስ «ሂድ ቤት፣ መክሰስህን ብላ» አለችኝ። ብቻ።

የካቲት 30፣ እሑድ

አርባ። ሰው ብዙ ነበር። ማንም ስለ ድምፁ አልጠየቀም፤ እማዬ ቀድማ ነግራቸዋለች መሰለኝ። ምን ብላ እንደነገረቻቸው አላውቅም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

እማዬ ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም። አልተቆጣችም። ምሳ ትቋጥርልኛለች። ግን አታየኝም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደ ክፍሉ ገባች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ። የውዳሴ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

ሰርቨሩን ብዙ አየችው። ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፦

«‹ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። ይሄን ጻፉልኝ።›»

ምን እንደሰማሁ አላመንኩም።

«ምን አልሽ?»

«እንደዚህ ትላለች እኮ። ‹ስናፕሾት… ባክአፕ… አይደለም።› ቀስ ብላ። ውጭ መኪና ጥሩምባ ሲነፋባት ‹ኤጭ!› ትልና ከመጀመሪያው። አሁንም ሌላ ይነፋባታል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በግድግዳው እየሰማሁ በቃሌ ወጣልኝ። ምን ማለት ነው?»

 ነገርኳት። ባለበት መያዝ ማለት ማስቀመጥ አይደለም፤ ማስቀመጥ ከፈለግክ ሌላ ቦታ ገልብጥ ማለት ነው።

 ከዚያ፦

«አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። አልጋዬ ላይ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ።»

አየችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ አየችኝ። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ፣ እሷ ራሷም ያወቀች አይመስለኝም።

«እህትህ ግድግዳ ስታስተምር ኖራለች በለኛ!»

ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ እኔም። 

«ከዚያስ ምን ትላለች?» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። ድምጿን ቀጠን አደረገችው፣ ልክ እንደ ውዳሴ፣ ቃላቱ ምን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ቀጠለች።