የንጋቷ ባላባት

መጋቢት 18 ቀን 1972፣ ሚዛን
ዝናብ። ለሜይ ዴይ ቴአትር ተማሪ መረጥኩ። ሁሉም ጭቁን ገበሬ መሆን ይፈልጋል፣ ባላባት የሚሆን ጠፋ። በመጨረሻ ከዘጠነኛ ሲ ንጋቷ እጇን አወጣች። ንጋቷ! ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚያቅታት፣ ቤታቸው በቤንችኛ ስለሚያወሩ አማርኛዋን የምታፍርበት። ሳቁባት። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

መጋቢት 27
ድምፅ ከሆድ ይውጣ አልኳቸው። የኋላው ወንበር ካልሰማ አልተናገራችሁም። ደግሞ... «የምትፈሩትን ሰው ልብ ብላችሁ እዩ። አቀማመጡን፣ እጁን። ከሰው ነው የሚቀዳው።»

ሚያዝያ 11
ጉድ ነች ይቺ ልጅ! ባርኔጣዋን አውልቃ አቧራውን እፍ እፍ አለችው። ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ከዚያ በክብሪት እንጨት ጆሮዋን እየኮረኮረች ገበሬ ሆኖ የሚጫወተውን ጀይላንን አቁማ አስጠበቀችው። አንድ ቃል ሳትናገር።
«የት አየሽው?»
«እማዬ ስለ ቤታችን አቤት ልትል ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነው፣ ጋሼ።»
ማን ዘንድ ብዬ ልጠይቅ ነበር... ተውኩት። ቴአትሩ አምሮልኝ ነበራ።

ሚያዝያ 23
ከየቡና ማሳው የተጠራው ሕዝብ ሜዳውን ሞላው። ባርኔጣዋን እፍ ስትል አንድ ሰው ሳቀ። ክብሪቱን ስታወጣ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ዘወር ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይርዳው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። አይስቅም።

ሚያዝያ 24
ቀበሌ ተጠራን፣ እኔና እሷ። ዛሬ ጓድ ይርዳው ኮፍያውን አላወለቀም።
«ማነው ያስተማረሽ?»
እኔ ነኝ ልል ነበር። ልጆቼ ትዝ አሉኝ... ውሸት። ፈራሁ፣ በቃ።
ንጋቷ ዐይን ዐይኑን እያየች «ማንም። ራሴ ነኝ። ጋሼማ ተይ ብለውኝ ነበር» አለች። ከሆዷ። ውጭ የቆሙት ሁሉ ሰሟት። ካስተማርኳት አንድም አልጣለችም።
አመናት። እኔን አሰናበተኝ፣ እሷን አስቀራት።

ግንቦት 3
እናቷ ምሳ ይዛ ቀበሌው በር ላይ ቆማለች። በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ።

ሰኔ 2
ተመለሰች። ፀጉሯን ላጭተዋታል። ስሟን ጠራሁ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም።
ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የሚሠራው ቴአትር ከበላይ ተጽፎ መጥቷል። ለተማሪዎቹ አደልኳቸው።
«ማንን ልብ ብለን እንይ፣ ጋሼ?» አለ ጀይላን።
«ማንንም። ወረቀቱን አንብቡ።»
«አልተሰማም፣ ጋሼ» አሉ ከኋላ።