ከስፒከሮቹ ሥር ስለተነሣው ላስቲክና ስለ አባቴ ድምፅ

ለተከበሩ የድምፅ ማሰራጫ ድርጅት የቴክኒክና የንብረት አስተዳደር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ብዙ ምስጋናና ጥቂት ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሥርዎ ያሉት መምሪያዎችና ኮሚቴዎችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ ደህና ይሁንልዎ፤ መመሪያ መስጠት ያለ ጉሮሮ የማይሞከር ሥራ መሆኑን ስለምረዳ፣ ከሌላው አካልዎ ሁሉ አስበልጬ የምመኘው የእሱን ጤና ነው።

እኔን አያውቁኝም። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ከድምፅ ጋር ያለኝ ግንኙነትም የሳል ሽሮፕ ከመሸጥ አያልፍም። አባቴን ግን ያውቁታል ብዬ አምናለሁ። ዕድሜውን ሙሉ በድርጅትዎ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ታሪክ ሲያነብ የኖረው፣ ባልደረቦቹ «በርሜሉ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው። ስሙ የወጣለት ከድምፁ እንጂ ከሰውነቱ አይደለም። ሰውነቱማ ነፋስ የሚወስደው ዓይነት ነው፤ በአካል ሊያዩት የመጡ አድማጮች ሰላምታ ከሰጡት በኋላ እንኳ ከኋላው ሌላ ሰው ይከተል እንደሆነ አንገታቸውን ያሰግጉ ነበር። እናቴም ከእነዚህ አንዷ ናት። ስልክ አገናኝ ሆና ስትሠራ በየጊዜው መስመር የሚጠይቃትን ያን ወፍራም ድምፅ ወደደችው፤ ለመገናኘት የተቀጣጠሩ ቀን ግን በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ መልእክተኛ መስሏት «ጌታህ የት ቀሩ?» ብላዋለች። ይህን እሷ ራሷ እየሳቀች ነው ያወራችን።

አባቴ ጉሮሮውን ታመመ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ አለርጂ ነው ተባለ፤ በመጨረሻ አንድ ቀዶ ሐኪም አስቀምጠው እውነቱን ነገሩን። ማንቁርቱ ካልወጣ ሕይወቱ ያልፋል፤ ከወጣ ሕይወቱ ይተርፋል፣ ድምፁ ግን አይተርፍም። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ አባቴ ታናሽ እህቴን፣ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችውን፣ ሆዷን በዐይኑ እያመለከተ «ይሄ ልጅ እኔን በምን ያውቀኛል?» አላት። መልሱን ያገኘው ራሱ ነው፤ ልጆች እያለን ያነብልን የነበሩትን ተረቶች ከቀዶ ጥገናው በፊት በስቱዲዮ ሊቀዳቸው ወሰነ።

ድርጅትዎ ለዚህ ስቱዲዮውን ፈቀደ። ለዚህ የማመሰግንዎት ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ካሉት ምስጋናዎች ጋር እንዳይቀላቅሉብኝ አደራ።

አባቴን እየደገፍኩ የማደርሰው እኔ ስለነበርኩ የሆነውን ሁሉ በዐይኔ አይቻለሁ። ቀረጻውን የያዘው በድምፅ ሥራ ያረጀ የድርጅትዎ ባለሙያ ነው፤ ባልደረቦቹ «ላስቲኩ» ይሉታል። ለምን እንደዚያ እንደሚሉት ስጠይቀው አላብራራልኝም። በሁለት የብረት ማቆሚያዎች ላይ ወደተቀመጡት ስፒከሮች ወሰደኝና፣ አንደኛውን ከፍ አድርጎ ከሥሩ የተነጠፈውን ጥቁር ላስቲክ ሳብ አድርጎ አወጣው። ከዚያ የአባቴን ንባብ ከፈተና እጄን ብረቱ ላይ እንዳደርግ ነገረኝ። ብረቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ «ከዕለታት አንድ ቀን» ሲል ድምፁ በመዳፌ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማኝ፤ ድምፁም በአንድ ጊዜ ወፈረ፣ ደፈረሰም። ላስቲኩን መልሶ ሲያስገባው ብረቱ ጸጥ አለ፣ አባቴም ወደ ራሱ ተመለሰ።

«ያለዚህ ብረቱ አብሮት ያወራል» አለኝ። «ሁለቱ አብረው ሲያወሩ የትኛው የአባትሽ፣ የትኛው የብረቱ እንደሆነ የማንም ጆሮ አይለይም። አስተካክላለሁ ብለሽ የምትቀንሺው የአባትሽን ነው።»

ላስቲኩን የቆረጠው ካረጀ የመኪና ጎማ ነው። ክፍት በሆነው የማቆሚያዎቹ እግር ውስጥም እንዳይጮህ ደረቅ አሸዋ ሞልቶበታል። አባቴ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ሞቅ ያለ ውኃ እየተጎነጨ፣ ሲደክመው ግድግዳውን ተደግፎ እያረፈ፣ ተረቶቹን አንብቦ ጨረሰ። የመጨረሻውን ቃል ካለ በኋላ ማይክሮፎኑን በእጁ መታ መታ አደረገው፤ ሰው የጓደኛውን ትከሻ እንደሚመታ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ገባ። እሱ እዚያ ተኝቶ ሳለና ከዚያም በፊት መሥሪያ ቤትዎ የፈጸማቸውን በጎ ተግባራት በቅደም ተከተል እንዳመሰግን ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ላስቲኩ የተባለው ባለሙያ ከብዙ ጊዜ በፊት ንዝረት የሚያስቀር ትክክለኛ ማስቀመጫ እንዲገዛለት ጠይቆ እንደነበር፣ ጥያቄውም በስብሰባ ላይ በጥሞና እንደታየ ሰምቻለሁ። በስብሰባው ላይ ክቡርነትዎ «ስፒከር ጫማ አያስፈልገውም» ብለው ተሰብሳቢውን በሳቅ እንዳፈነዱት የነገሩኝ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ሲነግሩኝ እንደገና ስቀዋል። በሥራ የደከሙ ሰዎችን ስላዝናኑ አመሰግናለሁ። ግዢው በዚያው ቀረ።

ሁለተኛ፤ እንግዶች ሊጎበኙ ነው በተባለ ጊዜ ስቱዲዮው እንዲያምር አዘዙ። ከስፒከሮቹ ሥር የነበረው ላስቲክ በንብረት መዝገብ ላይ የሌለ ባዕድ ነገር ነው ተብሎ ተነሣ፤ አሸዋውም በተመሳሳይ ምክንያት ግቢ ውስጥ ተደፋ። ባዶ የቀሩት ማቆሚያዎች የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ተቀቡ፣ ስፒከሮቹም እንዳይወድቁ በብረት ብሎን ከማቆሚያዎቹ ጋር ጥብቅ ተደርገው ታሰሩ። ላስቲኩ እንዳስረዳኝ ይህ ሁለት ሐሜተኞችን አንድ ክፍል ውስጥ እንደመቆለፍ ነው። ስፒከሮቹ ግን፣ መቼም እውነቱን መናገር አለብኝና፣ አልወደቁም። እንግዶቹም በሩ ላይ ቆመው «ያምራል» ብለው አልፈዋል። ክፍሉ የተሠራው ለመታየት ሳይሆን ለመስማት ነው ብሎ ያረመዎት ሰው ባለመኖሩ አዝናለሁ።

ሦስተኛ፤ ላስቲኩ ተቃውሞ ሲያቀርብ ቸል አላሉትም። ንዝረቱን የሚያጣራ ቡድን ላኩ። የቡድኑ አባላት ወደ ስቱዲዮው ገብተው፣ ኤሌክትሪክ እንዲቆጠብ የወጣውን መመሪያ አክብረው ስፒከሮቹን ሳያበሩ፣ በየተራ እጃቸውን በብረቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያም ንዝረት እንዳልተገኘ፣ ቀለሙ ግን በደንብ እንዳልደረቀ ሪፖርት አቀረቡ። ከቡድኑ አባላት የአንዱ ልብስ ስለተበላሸ ክቡርነትዎ በግል እንዳጽናኗቸው ሰምቼ በሰብአዊነትዎ ተነክቻለሁ።

አራተኛ፤ ላስቲኩን ወደ ተሽከርካሪ ስምሪት ክፍል አዛወሩት። ጎማ ይወዳል ብለው አስበውለት መሆን አለበት። አሁን ቀኑን ሙሉ በጎማ ተከብቦ ይውላል።

በእሱ ቦታ የተተካው ባለሙያ የአባቴን ንባብ አስተካክሎ የማጠናቀቅ ሥራ ተሰጠው። በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጆሮው ንጹሕ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ተቀምጦ ሲያዳምጥ የአባቴ ድምፅ ከመጠን በላይ ወፍሮ፣ ደፍርሶ አገኘው። የሚያወፍረው ቅጂው ሳይሆን ከስፒከሮቹ ሥር ያለው ብረት እንደሆነ በምን ይወቅ? ሕመሙ ያመጣው መስሎት አዘነለት፤ በትጋትም ወፍራሙን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ክፍሉ ውስጥ ጥርት ብሎ እስኪሰማው ድረስ አስተካከለው። ለአባቴ ውለታ የዋለለት መስሎት እንደነበር ራሱ ሲነግረኝ ዐይኑን ማየት አልቻልኩም። ሥራው እንዳለቀም፣ ያለቀ ሥራ ቦታ እንዳያጣብብ ፋይሉ እንዲያንስ፣ ያልተነካው ዋናው ቅጂም እንዲሰረዝ በሚለው መመሪያዎ መሠረት ሁሉም በሰዓቱ ተፈጸመ። መመሪያ በሰዓቱ የተፈጸመበትን አጋጣሚ በሕይወቴ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን በቁጥር አላስገባሁትም፤ አምስተኛ ብዬ ብጽፈው ከአራተኛው ጋር የሚመጣጠን ይመስልብኛል።

አባቴ ከሐኪም ቤት ወጥቶ አንገቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ቤት ገባ። ቅጂው ደርሶን ነበር፤ እሱ ሳይኖር ላለመስማት ተስማምተን አስቀምጠነዋል። ሳሎን ተሰበሰብን። እህቴ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፣ እናቴ ከአባቴ አጠገብ፣ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ከፈትኩት። ተረቱ ጀመረ። ቃላቱ የአባቴ ናቸው፣ አተነፋፈሱም የእሱ ነው፤ ድምፁ ግን በጠባብ ቱቦ ውስጥ ሆኖ የሚናገር የማላውቀው ሰው ነበር። እናቴ ትንሽ አዳመጠችና ወደኔ ዞረች።

«ይሄ ማን ነው?» አለች።

«ሳትነግሩኝ ሌላ ሰው አስነበባችሁ እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ዐይኗ አባቴ ላይ ዐረፈና ቁጣውን ተወችው። አባቴ ተረቱ እስኪያልቅ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎን ሁላችንም ተነሣን። እየሳቀ ነበር። አሁን ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ለመነጋገሪያ የገዛንለትን ትንሽ ሰሌዳ ሳበና ጻፈበት፤ «በመጨረሻ ድምፄ ሰውነቴን መሰለ።»

እናቴ አልሳቀችም። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ላስቲኩን ፍለጋ ሄድኩ። በመኪናዎች መካከል ቆሞ በጆሮ ማዳመጫ ሰማውና፣ ቅጂውን ወስዶ ሊሞክር ተስማማ። በሳምንቱ ሲመልስልኝ ፊቱን አይቼ አወቅኩ። የተቀነሰውን መልሶ ከፍ ለማድረግ ደክሞ ነበር፤ ፋይሉ እንዲያንስ ሲደረግ ግን ከሥር የቀረችው ጥቂቷ ወፍራም ድምፅም አብራ ሄዳለች። «ከፍ ሳደርገው ጩኸት ነው የሚመጣው፤ እሱ አይመጣም» አለኝ። የድሮ ንባቦቹስ ብዬ ጠየቅኩት። አብዛኞቹ በቀጥታ የተላለፉ ስለሆኑ አልተቀዱም፤ የተቀዱት ካሴቶች ደግሞ ዕቃ ለመቆጠብ በላያቸው ላይ የመምሪያ ኃላፊዎች ስብሰባ ተቀድቶባቸዋል። እነዚያ ስብሰባዎች እስከ ዛሬ በጥሩ ጥራት ተቀምጠው ይገኛሉ ብሎኛል። እንኳን ደስ አለዎት።

እህቴ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሲያለቅስ አባቴ አንሥቶ ደረቱ ላይ ያስተኛዋል፤ እኛን እንዲያ አስተኝቶ ሲያነብልን ከደረቱ የሚወጣው ንዝረት ነበር እንቅልፍ የሚወስደን። ልጁ ጆሮውን እዚያ አስጠግቶ ጥቂት ይቆይና እንደገና ያለቅሳል። አባቴም ለእናቱ ይሰጣታል።

ቅሬታችንን በአካል መጥቼ ለቢሮዎ አስገብቻለሁ፤ መልስ ስላላገኘሁ ነው በአደባባይ የምጽፈው። ምን እንደምጠይቅዎ ግን በበኩሌ አላውቅም። የጠፋው የሚመለስ ቢሆን ኖሮ በርዎ ላይ እተኛ ነበር። በዚያ ስቱዲዮ ዛሬም ሌሎች ሰዎች እየተቀዱ ነው፤ ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ሆኜ ሬዲዮ ስከፍት ሁሉም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሰሙኛል። ለእነሱ ሲባል ብሎኑ ተፈትቶ ሁለት ቁራጭ ላስቲክ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ይገባል ብዬ ግን አልጠብቅም። ላስቲኩም አይጠብቅም። ለጡረታው ጥቂት ነው የቀረው፤ ስለ ድምፅ ስጠይቀው ወሬውን ወደ ሞተር ዘይት ይለውጥብኛል።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ ለማንበብ ውድ ጊዜዎን ስለሠዉ፣ ካላነበቡትም ለማንበብ ሊያስቡ ይችሉ ስለነበር፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ከሥርዎ ያለው ወለልም እንደ ጸና እንዲኖር እየተመኘሁ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
የበርሜሉ ትልቋ ልጅ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ

በድጋሚ፦ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ላወጣው ስል ከቢሮዎ ስልክ ተደወለልኝ። አንዲት ትሑት ሴት ቅሬታዬ መታየቱን ነግረውኝ፣ ጉዳዩ የአባቴ ስለሆነ ግን በእኔ በኩል ሊቀርብ እንደማይችል፣ ባለጉዳዩ ራሳቸው በቃል ማስረዳት እንዳለባቸው አስታወቁኝ። መናገር እንደማይችል ገለጽኩላቸው፤ አሠራሩ ግን እንደዚያ ነው አሉኝ። ስለዚህ ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገው። ሴትዮዋ «ይናገሩ እንጂ አባት፣ አይሰማም» ሲሉ እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። መልስ ሲያጡ መስመሩ መጥፎ ነው ብለው ዘጉት። አባቴ እስኪዘጉት ድረስ በአክብሮት ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣቸው ነበር።