ከጭድ ውስጥ የወጣው የጃፓን ድራም

ለእህቴ ለኢቲሳም ሙሐመድሁሴን፣ ካለሽበት ኩዌት ይድረስሽ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ እታለም! ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ሙቀቱስ ከረረብሽ ይሆን፣ አሠሪዎችሽስ አረፍ ያደርጉሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጦርነቱ ዕቃችንን ቢወስድም ነፍሳችንን አልወሰደም፤ አሁን የጎደለን ያንቺ ዓይን ብቻ ነው።

በስልክ ልንገርሽ ብል ኔትወርኩ ወሬዬን ከመሀል ይቆርጥብኛል። ስለዚህ ጎረቤታችን ሀምዱ ወደዚያ ስትመለስ ይህን ወረቀት አስያዝኳት። ድራም ገዛሁ እኮ! ያውም የጃፓን፣ ከኔም ካንቺም በዕድሜ የሚበልጥ!

ገበያው ዳር ያሉትን እትዬ አሰጋሽን ታስታውሻቸዋለሽ። ባላቸው ጋሽ ጌዴዎን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደሴ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ድራም ይመቱ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ድራሙ ጭድ ቤት ተጥሎ ነበር፤ በጦርነቱ ሰሞን ቤታቸው ሲበረበር ጭድ ለብሶ ስለነበር ያየው የለም። መጋቢት ላይ በደጃቸው ሳልፍ ቁራሌው ብረቱን ሊመዝን ሲሰናዳ ደረስኩ። "እትዬ፣ ለኔ ይሽጡልኝ" አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝና፣ "እሱ ሰባብሮ ከሚወስደውማ አንተው ደብድበው" ብለው በቁራሌው ዋጋ ለቀቁልኝ።

በባጃጅ ጭኜ ስገባ እማ፣ "ይሄን ልጅ ጦርነቱ ጭንቅላቱን ነክቶታል" አለች። አልፈርድባትም። ብረቱ ዝጓል፣ የሚመታው ፊቱ ተተርትሯል፣ ትልቁ ከበሮ ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች። ብሎኖቹን ላምባ ውስጥ ዘፍዝፌ ፈታሁ፤ የብረቱን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። ውጭውን በሳሙና ሳጥበው ከጭቃው ሥር ቀይ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ወጣ፤ ፀሐይ ስትጠልቅበት ሐይቁን ነው የሚመስል ወላሂ! የእግር መርገጫው ሰንሰለት ጠፍቶ ስለነበር በብስክሌት ካቴና ተካሁት።

የትልቁ ከበሮ ፊት ግን ደሴ ድረስ ሄጄ አጣሁ። መጨረሻ ላይ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚወጥረው አስረስ ዘንድ ተሸክሜው ሄድኩ። ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ "ለማርያም ወጥሬያለሁ፣ ለመንዙማ ወጥሬያለሁ፤ ጃፓን ምን ይለኛል?" አለ። የመጀመሪያው ቆዳ ሲደርቅ ቷ ብሎ ተቀደደ። አስረስ ሳቀና ሌላ ነከረ። ሁለተኛው ያዘ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የአክስታችን ልጅ የስህን ሠርግ በጦርነቱ ተቋርጦ አልነበር? ዒድ ካለፈ በኋላ ተደገሰ። አብሮኝ ሲለማመድ የሰነበተው ጓደኛዬ ታረቀኝ በኦርጋን፣ እኔ በድራም ሆነን ዳስ ገባን። ዳሱ ጢም ብሏል። ትልቁን ከበሮ ገና አንዴ ብረግጠው ድም! አለ። እታለም፣ ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጎንበስ አለ። እናቶች ልጆቻቸውን ብብታቸው ሥር ከተቱ፤ አባ እንኳ ምሰሶው ጥግ ሆኖ "ላኢላሃ ኢለላህ" ሲል ሰማሁት። ከባድ መሣሪያ መስሏቸዋል። ምን ጉድ አመጣሁባቸው ብዬ መምቻዎቹን ላስቀምጥ ስል እትዬ አሰጋሽ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አሉ።

"ኧረ ቀና በሉ ወገን! የኔ ጌዴዎን ከበሮ ነው፣ ይሄ ሰው አይገድልም! ምታው አንተ!" አሉና እልልታውን አቀለጡት።

መታሁት። ታረቀኝም የባቲን ቅኝት አስገባ። ሙሽራዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ዳሱም ተከትሏት ሳቀ፤ ጎንበስ ያለው ሁሉ በትከሻው ተነሳ። አባ ሲጨፍር አይቼው አላውቅም ነበር፤ አየሁት።

ይኸው ውጫሌ ለሠርግ ጠርተውናል። ስለዚህ እታለም፣ እንዳታዝኚብኝ፤ በአሠሪዎችሽ በኩል ያስጀመርሽልኝን የሹፌርነት ቪዛ ለአጎታችን ልጅ ለዑበይዱላህ አዙሪለት። እሱ ልቡ ሄዷል፤ የኔ ግን እዚሁ ነው። ለእማ ስነግራት ገብታ ከሣጥኗ አዲሱን ነጠላዋን አወጣችና አቧራ እንዳይነካው ብላ ድራሙን ሸፈነችው።

እማ፣ ሀምዱ ዓይንሽን ትሳምልኝ ትላለች። አባ ዱዓው አብሮሽ ነው፤ ታናሻችን ዙለይሃ ጠጉሯን ልክ እንዳንቺ ተሠርታ ናፍቆቷን ልካለች። እትዬ አሰጋሽና አስረስም ሰላም ብለውሻል። አብሽሪ እታለም፣ አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ሙስዓብ
ሐይቅ፣ ግንቦት 21 ቀን 2014 ዓ.ም.