ከሰሉ የማይዘው ክኒን

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽን የምጠይቀው ለወግ አይደለም፤ ስልክ አላነሳ ብትይኝ ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። እኔማ ንዴቱ እህል አላስቀምሰኝ ብሏል።

“ገመናዬን አደባባይ አወጣችው” ብለሻል አሉኝ። አዎ፣ አውጥቼዋለሁ! ልጅሽ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እየተንቀጠቀጠች ሆስፒታላችን ስትገባ፣ ሐኪሙ “ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ?” ብሎ ደጋግሞ ጠየቀሽ። “ማንም የለም፤ የራስ ምታት ክኒን ነው የዋጠችው” አልሽው። አምኖሽ ሆድ ውስጥ ያለ መርዝ የሚይዘውን የከሰል ዱቄት በጥብጦ አጠጣት። ያንቺን የአእምሮ ማረጋጊያ ግን ከሰል አይዘውም። ያን ያህል ሲበዛ ደምን በማሽን ማጠብ ነው መፍትሔው። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት እንጀራዬ ያ ማሽን ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ራሷን ስትስት አላስቻለኝም። “እህቴ ትወስዳለች፤ ከፋርማሲ የማወጣላትም እኔ ነኝ” አልኩት። አንቺ በሩን አላትመሽ ወጣሽ። ሐኪሙ አንቺን አልተቆጣም፤ እኔን አየኝና “ከጠዋት ጀምሮ እዚህ አልነበርሽም እንዴ?” አለኝ።

አንገቷ ላይ ቱቦ ገባ። ደሟ ወጥቶ በማጣሪያው እየታጠበ ሲመለስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከአጠገቧ አልተነሳሁም። በማግስቱ ሰውነቷ ውስጥ የተደበቀው መድኃኒት ወደ ደሟ ስለተመለሰ እንደገና አጠብናት።

ስትነቃ ምን አለችኝ መሰለሽ? “አክስቴ፣ እማዬ እሱን ስትውጥ ትረጋጋለች። እኔም ለፈተናው ልረጋጋ ብዬ ነው። አንዱ አልሠራ ሲለኝ ጨመርኩ።” ክኒን እንደምትወስጂ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቅኳት። “ከልጅነቴ” አለች። እና ከማን ነበር የምንደብቀው? ከጎረቤት? ጎረቤት ደም አጥቦልሽ ያውቃል?

ስሚኝ፣ ክኒንሽን እንዳታቋርጪ። መታመምሽ አላናደደኝም፤ ዝምታው ነው ያንገበገበኝ፣ ያንቺም የሌላውም።

ሐሙስ ትወጣለች። ዛሬ ጠዋት “እማዬ አኩርፋኝ ነው የማትመጣው?” አለችኝ። እኔ አንድ ጊዜ ስላንቺ ተናግሬያለሁ፣ ይበቃኛል። ይሄን አንቺው መጥተሽ መልሽላት።

ፈጣሪ ላንቺ ጤናውን፣ ለእኔ ይቅርታውን አይንፈገን።

አኩርፋም የማይሆንላት
ታናሽሽ