የሰዓት ሠሪው ኮዳ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 4

ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለትራፊክ ፖሊስና ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ፦ ብስክሌቴ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደወል ያላት መሆኑን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። ከእንግዲህ «አልሰማሁም፣ ገጨኸኝ» የሚል አቤቱታ ተቀባይነት የለውም።

ደወሏን የገጠመልኝ ሰዓት ሠሪው ነው። ከተሰበረ የማንቂያ ሰዓት ላይ ፈቶ። ስትጮህ እግረኛው ሁሉ ሥራ የረፈደበት ይመስል ይበረግጋል።

ብስክሌቷ የአማቼ ነበረች። ቦርጩን ሊያጠፋ ገዛት፣ አንድ ቀን ነዳት፣ ከዚያ ሸሚዝ ማስጫ ሆነች። ልጄ «አባዬ፣ አንተ እንኳ ንዳት፣ ቤቱን አጣበበችው» አለችኝ። ደግነት መስሎኝ... ለካ ሁለታችንንም ከቤት ለማስወጣት ኖሯል።

መቼም ለፔዳል እንግዳ አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ስረግጥ ኖሬ አንዲት ስንዝር ፈቀቅ አላልኩም። አሁን ስረግጥ ግን ዛፉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ምነው ቀደም ብዬ ባወቅሁ።

የቅዳሜ ጓደኞቼ ሁሉም ጎልማሶች ናቸው። ባለ መድኃኒት ቤቷ፣ አለቃችን እሷ ናት። የአውቶቡስ ሹፌሩ። መምህሩ። ሰዓት ሠሪው። ሁሉም ወይ ሐኪም ወይ የትዳር ጓደኛ «ተንቀሳቀሱ» ብሎ ያባረራቸው ናቸው። ሕጋችን አንድ ነው፦ ዳገቱ ጫፍ ላይ የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ማንም ውሃ አይቀምስም። ጉሮሮህ ቢሰነጠቅም ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።

የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ ሰዓት ሠሪው ነው። እኔ አይደለሁም። ይመዝገብልኝ።

ጥቅምት 11

ዛሬም መጨረሻ ደረሰ። «የሰውን ሰዓት ታስተካክላለህ፣ ያንተ ብቻ ወደ ኋላ የሚቀረው ለምንድነው?» አልኩት። ሹፌሩ ከሳቁ ብዛት ብስክሌቱ ከእጁ አመለጠች። ሰዓት ሠሪው ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ የሚስቀው ትከሻው ነው።

ስንመለስ ሌሎቹ ሲበተኑ እኔና እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረን። ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ሚስቱ ትታው ከሄደች መክረሟን፣ ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ እንደሚበላ ነገረኝ። ቀጥሎ ወደ መሬት እያየ፦

«ጋሼ፣ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ቅዳሜ ግን ዳገቱ ላይ ሰው ይጠብቀኛል።»

ምን ይባላል? «እኛ የምንጠብቀው ውሃውን ነው» አልኩት። ትከሻው ሳቀ። እኔ ላቤን ጠረግሁ። ላብ ነው።

ከሱቄ ጎን የነበሩት እኩዮቼ ሁሉ አልፈዋል። በዚህ ዕድሜ አዲስ ጓደኛ... አዲስ ጥርስ ማብቀል ማለት እኮ ነው። በቀለልኝ መሰለኝ።

ጥቅምት 14

ጉልበቴን አመመኝ። ለልጄ አልነገርኳትም። ከነገርኳት ብስክሌቷ ተመልሳ ሸሚዝ ማስጫ ትሆናለች።

ጥቅምት 25

የሚጠብስ ፀሐይ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ተረኛ ስለሆነች አልመጣችም። ኮዳዬን ቤት ረስቼ ወጣሁ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሰዓት ሠሪው የራሱን አቀበለኝ። «ይያዙት ጋሼ፣ እኔ አልጠማኝም።»

ጫፍ ላይ እንደደረስኩ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሰይጣኑ ይሁን ፀሐዩ... እሱ ሳይደርስ ውሃውን ጠጥተን እንጨርስና ምን እንደሚል እንየው አልኩ። መምህሩ አቅማማ፤ ሕጋችንስ ሲል፣ ሕጉን ያወጣችው ሴትዮ ዛሬ የለችም አልኩት። ጠጣን። ኮዳዎቹን በአፋቸው ደፍተን ድንጋዩ ላይ ደረደርናቸው፤ የሱንም ጨምረን። ከዚያ ሐዘን የተቀመጥን መስለን ቁጭ አልን።

ደረሰ። አየ። ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ሥራ አለብኝ ብሎ ቀድሞን ወረደ።

ጥሩ ቀን ነበር።

ኅዳር 2

ሰዓት ሠሪው አልመጣም። ጉንፋን ይዞት ይሆናል።

ዛሬ ዳገቱ ላይ መጨረሻ የደረሰው ማን ነው? ዝርዝሩ አያስፈልግም።

አንድ የጭነት መኪና ጆሮዬ ሥር ጡሩምባውን ነፍቶ እጀታዬን ታክኮ አለፈ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ባለጌ ገጥሞኝ አያውቅም።

ኅዳር 9

ዛሬም የለም። ባለ መድኃኒት ቤቷ ምን ሆኖ ነው አለች። የኮዳዎቹን ነገር አጣፍጬ አወራሁላት። አልሳቀችም። ከሰዎቹ ነጥላ ወደ ዳር ወሰደችኝ።

«ጋሼ፣ እሱ ዘገምተኛ አይደለም። ከሁላችን ጎበዝ ነው። እርስዎ ሲነዱ ወደ መሃል አስፋልት ያዘነብላሉ። ከኋላ የሚመጣ መኪና መጀመሪያ እሱን እንዲያገኝ ነው ኋላ የሚሆነው።»

ታዲያ ለምን ከኔ ጋር አብሮ አይደርስም? አልኳት። አንገቷን ደፋች። ጫፉ ሲቃረብ ወርዶ ጎማ እንደሚነካካ ይሆናል አለች። እኔ የመጨረሻ እንዳልሆን። አንድ ቀን አይታው ጠይቃው ነው የነገራት። ለማንም እንዳትናገር አስምሏት ነበር።

የመጨረሻው እኔ አይደለሁም... ይመዝገብልኝ ብዬ ጽፌያለሁ። ተመዝግቧል።

ኅዳር 12

ሱቁ ሄድኩ። ባዶ እጅ መሄድ ከብዶኝ ደህና የምትሠራውን የእጅ ሰዓቴን አውልቄ አመመች አልኩት። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ሁሉ ሰዓት ነው፣ ሁሉም የየራሱን ያወራል። ብስክሌቱ ከጣሪያው ሥር ተሰቅላለች። ጎማዋ ተንፍሷል።

ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ከፈታት። «ምንም አልሆነችም፣ ጋሼ።»

ይቅርታ የምትለዋ ቃል እዚህ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። እየተሰማችኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ምንድነው? «ታዲያ ሰዓት ሠሪ ሆነህ በሰዓቱ ብትደርስ እኮ ውሃ ታገኝ ነበር።»

ማጉያውን አወረደ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን ነበረበት።

«ውሃው አይደለም ጋሼ። ከታች ሳያችሁ ቁጭ ብላችኋል። እየጠበቃችሁኝ መሰለኝ። ተጣድፌ መጣሁ።»

ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰዓቶች መቁጠር ጀመርኩ። እኔ። ደንበኛ ሱሪዬ ጠበበኝ ሲለኝ ሱሪው ሳይሆን አንተ ነህ የሰፋኸው ብዬ በሳቅ የምሸኝ ሰውዬ። ሰዓቴን ተቀበልኩ። በሩ ላይ ደርሼ «ቅዳሜ እንጠብቅሃለን» አልኩት... ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አሳፈረኝ። «እሺ ጋሼ» አለ። እሺታው ሰው ለመሸኘት የሚባለው ዓይነት ነው።

ኅዳር 16

አልመጣም።

የሹፌሩ ሚስት ማኅበራችንን ተቀላቀለች። ስትነዳ እንደኔ ናት፤ መሪው ወደፈቀደው ትሄዳለች። ባሏ ቀድሞ ተፈተለከ። እኔ ከኋላዋ ሆንኩ። ከኋላ ሲሆኑ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው... የኔን ጀርባ ስንት ቅዳሜ አየ? እንደኔ ያለ ለፍላፊ ጀርባ።

መኪና ሲመጣ ደወሌን ሰጠሁት። ዘወር አለልን።

ጫፉ ሲቃረብ ወርጄ ጎማ ነካካሁ። ጎማዋ ደህና ነበረች። ስደርስ ሴትዮዋ ፊቷ በርቶ «የዛሬው መጨረሻ እርስዎ ነዎት፣ አባባ» አለችኝ። ዕድሜ ነዋ ልጄ አልኳት። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ኮዳውን መክፈት ጀመረ።

ኅዳር 24

ልጄ፦ «አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ? አማችህን እንኳ መልከፍ ተውክ እኮ፤ ታሞ ይሆን እያለ ነው።» ነገ ስለ ቦርጩ አንድ ነገር እላለሁ። ለሱ ደህንነት ስል።

ኅዳር 30

ዛሬም አልመጣም። አሁን ሁለት ኮዳ ይዤ ነው የምወጣው። አንዷን አልከፍታትም። ዳገቱ ላይ ሁላችንም ስንጠጣ እሷ ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሌሎቹ አይተዋታል፤ የጠየቀኝ የለም። ሞልታ ትመለሳለች።

ስመለስ በሱቁ በኩል ዞርኩ። ደወሉን ሁለት ጊዜ አስጮህኩት። መቼም የሱን ደወል አይስተውም። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ሲል አየሁት። እጁን አነሳ፤ ወረንጦው ከነጣቱ ብልጭ አለ። ሰላምታ ይሁን፣ አምፖሉን ሊያስጠጋ ይሁን... አልቆምኩም። ብቆም ቀልድ ይመጣብኛል።

የጻፍኩትን ወደ ኋላ ገልጬ ሳነብ አንዲት ነገር አገኘሁ። ይህን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንን ልሸውድ ኖሯል? ጥቅምት 25 ላይ «ሳቀ» ብያለሁ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። እሷን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ማታ ስጽፍ ቀኑ እንዲያምርልኝ። የሆነው እንዲህ ነው፦ እያለከለከ ደረሰ፣ ከተደፉት መሃል የራሱን ኮዳ ለይቶ አነሳት፣ አፏ ላይ የተጣበቀውን አፈር በእጅጌው ጠረገ፣ ክዳኗን ፈልጎ ገጠመላት፣ ቦታዋ ላይ አሰራት። «ደህና ዋሉ» አለን።

ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ ደወሉም ጭምር። እሱ ግን አልሳቀም።