በስድስት ደቂቃ ስለወረደው ቃሬዛ

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ላብ ሳያስወጣ የሚያደርሳችሁ ሊፍትም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከዳገቱ አናት ካሉት ቤቶች በአንዱ የምኖር አናጢ ነኝ፤ አምና በአዳራሹ ቆመው ያጨበጨቡለትን ቃሬዛ የሠራሁት ሰውዬ። ያን ዕለት በእጅዎ የሰጡን የምስክር ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቴም ከአልጋዋ ሆና ቀኑን ሙሉ ስታየው ትውላለች።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት፣ ሰፈራችንን ከመኪና መንገድ የሚለየው መቶ ሰማንያ አራት የድንጋይ ደረጃ ነው። አምቡላንስ የሚቆመው ከታች ነው። ባለቤቴ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት መውረድ ስላለባት እኔ ቃሬዛ ሠራሁ፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጎሚስታውና አስም ያለባቸው ጡረተኛ መምህር ደግሞ ትከሻቸውን አዋጡ። መምህሩን፣ በየማረፊያው «ቆይ፣ ቆይ» ስለሚሉ፣ ጋሽ ቆይቆይ እንላቸዋለን። መሥሪያ ቤትዎ ይህን «በማኅበረሰብ ልማት የጤና ልዩነትን የመቀነስ ተሞክሮ» ብሎ ሰየመው፤ እኛ እስከዚያ ድረስ «ሚስቱን እናውርድለት» ነበር የምንለው። ስለ ስያሜው እያመሰገንኩ የቀረውን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጉብኝቱ። እንግዶችዎ ሰዓት ይዘው ሲመጡ ልታይ ልታይ አለንና፣ በባለቤቴ ፋንታ የፀጉር አስተካካዩን ቀጫጫ ልጅ አስተኝተን፣ ጋሽ ቆይቆይንም ለጥየቃ በመጣው የጎሚስታው ወንድም ተክተን፣ በስድስት ደቂቃ ታች ደረስን። ጥፋቱ የእኛ ነው። ባለቤቴን ይዘን አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅብን አልተናገርንም፤ እንግዳ ፊት ማን ድካሙን ያወራል? ጸሐፊዎም ስድስቷን ደቂቃ አሳምረው መዘገቧት።

፪. ስለ ስሌቱ። በታችኛው ሰፈር አምቡላንስ በአሥራ አንድ ደቂቃ ስለሚደርስ እኛ በአምስት ደቂቃ እንደምንበልጥ፣ ልዩነቱም መጥበብ አልፎ ወደ እኛ እንዳደላ በደብዳቤ ተበሠረልን። ስለዚህ ወደ ላይ ሊቆረጥልን ታቅዶ የነበረው የመኪና መንገድ «ይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው» ተላለፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለእኛ ነው።

፫. ስለ ምክርዎ። አቤት ልል ስመጣ ባለሙያዎ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ መንገድ ወደሚሠራላቸው ሰፈሮች ዝርዝር ለመመለስ ዘዴው አለመሥራቱን የሚያሳይ የአደጋ ሪፖርት እንደሚያስፈልግ በትሕትና ነገሩኝ፤ ቃሬዛው ሰው ጥሎ ያውቅ እንደሆነም ጠየቁኝ። አልጣለም፣ ክቡር ሆይ፤ አጥብቄ ነው የሠራሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መውጫው ጠፍቶኛል። ደህና አድርገን ከተሸከምናት መንገድ አያስፈልጋችሁም እንባላለን፤ መሸከሙን ብንተው በሽታው አይምራትም፤ ብንጥላት ደግሞ ሪፖርት ይኖረናል፣ እሷን ግን አናገኛትም። አሁን የቃሬዛውን ብሎን ባጠበቅኩ ቁጥር የገዛ በሬን ከውጭ የምቆልፍ ይመስለኛል።

፬. ስለ ሎሚው። በአዳራሹ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ቤቴ ገብቼ ስቆጥር ግን ሃምሳ አልነበርንም፤ አራት ነበርን፤ ጌጡም ትከሻ ይልጣል። ባለፈው ወር ባለቤቴን አድርሰን፣ ባዶውን ቃሬዛ ይዘን ስንመለስ፣ ጋሽ ቆይቆይ ስልሳኛው ደረጃ ላይ «ቆይ» እንኳ ሳይሉ ቁጭ አሉ። በዚያው ቃሬዛ አወረድናቸው፤ ሐኪሙም ሁለተኛ ሸክም እንዳይነኩ ከለከላቸው። አሁን ሦስት ነን፤ አራተኛውን እጀታ መንገደኛ እየለመንን እናስይዛለን።

አምስተኛው ቁጥር የለውም፤ ከምስጋናው ጋር አልገጥም አለኝ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ በእጥበቷ ቀን ጠዋት «ዛሬስ ቀሎኛል፣ ሰዎቹን አታስቸግር» ማለት ጀምራለች። እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም፤ እሷ ግን ቀሎኛል ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ስትዋሽ አውቃታለሁ፤ እንደማውቃትም ታውቃለች። ባለፈው ዓርብ መንገደኛም ጠፋ፣ እሷም አልነሣም አለችና ሳንወርድ ቀረን። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህንን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለሊፍትዎ የማይቋረጥ መብራትን እየተመኘሁ፣ አርአያ ከተባልኩ ወዲህ መንቀሳቀሻ ያጣሁት ታዛዥዎ፣
የዳገቱ አናጢ

ማስታወሻ፦ በመጪው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሌላ ከተማ የሚመጡ እንግዶችን ይዘው ቃሬዛውን ሊያስጎበኙ እንደሆነ ሰማን። ሰዓቱ በትክክል ባለቤቴ የምትወርድበት ነው፤ ዘንድሮ ግን የምናስተኛው እሷኑ ነው። የፊት የግራው እጀታ ከጋሽ ቆይቆይ ወዲህ ባለቤት የለውም፤ ለክቡርነትዎ መዳፍ እንዳይሻክር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ። ሰዓት የሚይዘውን ሰውም ይዘውት ይምጡ።