ቁልፉ በኪስዎ ስለሚዞረው ሽንት ቤት

በካይሮ፣ ናስር ሲቲ የሐበሾች የሽንትና የኩላሊት ክሊኒክ ኃላፊ ለሆኑት ለክቡር ዶክተር ናኦድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ከሁሉም በላይ ሽንትዎ ያለ ችግር የሚወርድ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ጣሂር እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ፣ የሃያ ሁለት ዓመት የሸሪዓ ተማሪ ነኝ። ሽንቴ እያቃጠለና ቶሎ ቶሎ እየመጣ መከራዬን ስላሳየኝ፣ የዓመቱ ፈተና ሳይደርስ ምን እንደያዘኝ እንዲነግሩኝ ወደ እርስዎ መጥቼ ነበር። ከፈተና አዳራሽ የወጣ ተማሪ ተመልሶ አይገባምና፣ በሽታዬ ካልታወቀ የዓመት ልፋቴ ገደል መግባቱ ነበር። ስለ መስተንግዶዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሕመሜን ተናግሬ ሳልጨርስ፣ በዚህ ዕድሜ የሽንት በሽታ እንደሌለና መድኃኒቱ ማግባት እንደሆነ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሐኪም ፍለጋ መጥቼ የጋብቻ ሽማግሌ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል፤ ሙሽራዋ በየትኛው ፋርማሲ እንደምትገኝ ግን በማዘዣው ላይ አልጻፉልኝም።

፪ኛ. አልትራሳውንዱ ፊኛ ሲሞላ ነው የሚያሳየው ብለው፣ ሕመምተኛ ተራው ሳይደርስ እንዳያፈሰው ሽንት ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ስለሚዞሩ ጥበብዎን አደንቃለሁ። የሽንት ክሊኒክ ሆኖ ሽንት ቤቱ የተቆለፈ በመላው ካይሮ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፣ ማሻአላህ! ያን ቀን የታዘዝኩትን ውሃ ሁሉ ጠጥቼ፣ እግሬን አነባብሬ ስጠብቅዎ፣ እርስዎ ከነቁልፉ ሄሊዮፖሊስ ሰፈር ምሳ ሄደው ነበር። ዘበኛው ዓም ሱሌይማን ግን ሩኅሩኅ ሰው ናቸው፤ ሥቃዬን አይተው «ማሌሽ፣ ማሌሽ»፣ አይዞህ እያሉ ሻይ ጋበዙኝ።

፫ኛ. የምርመራ ሥርዓትዎማ ጉድ ያሰኛል። እስከ ተራው የታገሠ ሰው፣ መያዝ ከቻለ ጤነኛ ነው ተብሎ ይሸኛል፤ መያዝ ያቃተው ደግሞ ፊኛው ባዶ ነው ተብሎ ሳይታይ ይመለሳል። በክሊኒክዎ አንድም በሽተኛ ተገኝቶ የማያውቀው ለዚህ ነው። እንደኔው ሽንቱ እያቃጠለው አብሮኝ የመጣው የቤት ጓደኛዬ ዓማር ችሎ ጤነኛ ተባለ፤ እኔ አልቻልኩምና ሱሪዬን በመጽሐፍ ሸፍኜ ወጣሁ። ሁለታችንም እያቃጠለን አንድ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቼ ነበር። ደም አይቻለሁ፣ ነግሬዎታለሁም። አንዲት ብልቃጥ ሰጥቶ ሽንቴን የመረመረ ግን አልነበረም።

አልሐምዱሊላህ፣ በፈተናው ዋዜማ ነገሩ በራሱ ጊዜ አለቀና ተገላገልኩ። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ እስከ መጨረሻው ደወል ተደላድዬ ተቀመጥኩ፤ ፈታኙ ቢያባርረኝ እንኳ ከደስታዬ ብዛት የምነሳ አልነበርኩም።

በፈለጉት ሰዓት የሚከፈት በር እንዳያሳጣዎ አላህን እየለመንኩ፣ እግሬን ሳላነባብር በነፃነት ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣
አክባሪዎ ጣሂር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዋዜማው ከሽንቴ ጋር የወጣውን ጠጠር በጥጥ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። በእኔ ዕድሜ የለም ያሉት በሽታ ይኸው ነው። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ይላሉ አባቶች፤ እኔ ግን ማግባትም ሳያስፈልገኝ፣ በርዎ ላይ ታግሼ ይህን ወልጃለሁ። ስሙንም ናኦድ ብዬዋለሁ።